የእስስት ቤት፦ ከሽቦ ሳጥን እስከ እንሰት ጓሮ

እስስትን በቤት ለማኖር ምን ዓይነት ማደሪያ ይሠራላታል? ጥያቄው ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም ሺንሺቾ ላይ ቢነሳ ሰሚው በቅድሚያ «ለምን ተብሎ?» ማለቱ አይቀርም። ውሻ ግቢ ይጠብቃል፤ ድመት አይጥ ትይዛለች፤ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። እስስትን አስቀምጦ መመገብ ግን በሀዲያና በከምባታ ከተሞች የተለመደ አይደለም። እንዲያውም በብዙ ሰፈር መርዛማ ናት ተብላ ትፈራለች፤ ልጆች ድንጋይ ይወረውሩባታል፤ ስሟም ቃሉን ለሚያጥፍ ሰው መጠሪያ ሆኗል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የእስስት ማደሪያ ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኗል፤ መጻሕፍት ተጽፈውበታል፣ ሙከራ ተደርጎበታል፣ ክርክሩም እስካሁን አልበረደም። የሚገርመው እነዚያ ጠባቂዎች በመብራት፣ በውሃ መርጫና በሙቀት መቆጣጠሪያ ሊፈጥሩት የሚደክሙለት አየር ከሞላ ጎደል የደጋ አየር መሆኑ ነው፦ ረፋድ ላይ የሚያሞቅ ፀሐይ፣ ቀዝቃዛ ሌሊት፣ በቅጠል ላይ የሚያድር ጤዛ፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቁጥቋጦ። ይህ ሁሉ ሆሳዕና ላይ ከደጃፍ ውጭ በነፃ ይገኛል። ስለዚህ የዚህ ዳሰሳ አቋም ከወዲሁ ቢታወቅ ይሻላል፦ ስለ እስስት ሳጥን የተጠራቀመው ዕውቀት ዋጋ ያለው ነው፤ እዚህ አገር ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አጥርንና ጓሮን በአዲስ ዓይን እንድናይ በማድረጉ ነው።

የትኛዋ እስስት?

በአማርኛ «እስስት» አንድ ቃል ነው፤ እንስሶቹ ግን ብዙ ናቸው። በዓለም የታወቁት ዝርያዎች ከ200 በላይ ሲሆኑ ግማሽ ያህሉ የማዳጋስካር ናቸው። የኢትዮጵያዎቹ ለማደሪያ ጉዳይ ሲባል በሁለት ወገን ቢከፈሉ ይበቃል፤ የቆላዎቹና የደጋዎቹ።

የቆላዎቹ ተለቅ ያሉና ሙቀት የለመዱ ናቸው። እንቁላል የሚጥሉትም መሬት ቆፍረው ነው። የደጋዋ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ትራዮሴሮስ አፊኒስ የምትባለው፣ ትንሽ ናት፤ ከጭራዋ ጋር ብትለካ ከስንዝር እምብዛም አታልፍም። እንቁላል አትጥልም፤ ግልገሎቿን በሆዷ አሳድጋ ትወልዳለች። በብርድ አገር መሬት ውስጥ የተቀበረ እንቁላል ሙቀት ስለማያገኝ፣ እናቲቱ ራሷ ፀሐይ እየሞቀች ጽንሷን ታሞቃለች። ልዩነቱ በማደሪያው ላይ ወዲያው ይታያል። የቆላዋ ሴት የምትቆፍረው እርጥብ አሸዋና አፈር ካላገኘች እንቁላሉን በሆዷ ይዛ ልትሞት ትችላለች። የደጋዋ አፈር አያስፈልጋትም፤ ፀሐይና ጥላ የሚፈራረቁበት ቅርንጫፍ ግን ከሌላት ጽንሷ ይጎዳል። «ለእስስት የሚሆን ሳጥን» ብሎ አንድ ልክ ማውጣት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ለደጋዋ እስስት ሳይንሳዊ ስም ያወጣላት ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1845 ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ ደጋ ትንሽ እስስት ሁሉ በዚህ አንድ ስም ስትጠራ ኖረች። ማይክል ላርጅንና ስቴፈን ስፖውልስ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ እንቁራሪቶችና ተሳቢ እንስሳት ያዘጋጁት ትልቅ መጽሐፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህም ጉዳዩ አልተዘጋም። በ2021 እ.ኤ.አ. ኮፔች፣ ኔቻስና ቪፕፍለር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ከባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ተዳፋት የተገኘችውን ለይተው ትራዮሴሮስ ቮልፍጋንግቦህሜይ ብለው ሰየሟት። ሥራቸው አንድ ጥያቄ አስከትሏል፤ ስምጥ ሸለቆው ደጋውን ለሁለት ከከፈለው፣ ከሸለቆው ምሥራቅና ምዕራብ ያሉት እስስቶችስ በእርግጥ አንድ ናቸው? ሆሳዕናና ዱራሜ ያሉት በምዕራቡ ደጋ ላይ ነው። በከምባታው የሀምበሪቾ ተራራ ሥር ባለ አጥር ላይ የምትሄደው እስስት ወደፊት ሌላ ስም ልታገኝ ትችላለች ማለት ነው። ስሟና ስርጭቷ ገና በቅጡ ያልተለየ እንስሳ ከአንዱ አካባቢ ተይዞ ሌላ ቦታ ቢለቀቅ ደግሞ ለይቶ የማወቁን ሥራ ያበላሻል። ከመያዝ ለመታቀብ ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ እምብዛም ሲጠቀስ ግን አይሰማም።

ሳጥኑ እንዴት ተጀመረ

እስስት ወደ አውሮፓና አሜሪካ በብዛት መጓዝ በጀመረችበት ዘመን ውጤቱ አሳዛኝ ነበር። አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቁ ነበር። ለዓሣ በተሠራ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ይከተቱ፣ ውሃ በሳህን ይቀመጥላቸው፣ ከላይ ተራ አምፖል ይበራላቸው ነበር። ዛሬ ሲታይ ሦስቱም ስህተት ነው። አየር የማይንቀሳቀስበት ገንዳ ለሳንባ በሽታ ያጋልጣል። እስስት የቆመ ውሃ እንደ ውሃ የምታውቀው አትመስልም፤ ከሳህኑ አጠገብ ሆና በጥም ልትሞት ትችላለች። ተራ አምፖል ደግሞ ሙቀት እንጂ ለአጥንት የሚያስፈልገውን ጨረር አይሰጥም።

በ1977 እ.ኤ.አ. እስስቶች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው ስምምነት፣ በተለምዶ ሳይቲስ በሚባለው፣ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ንግዱ አልተከለከለም፤ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ከዱር የሚያዘው ሲጠብቅ በቤት ማራባቱ በረታ፤ በተለይ የየመኗ ባለ ቆብ እስስትና የማዳጋስካሯ ፓንተር እስስት በሰው እጅ ትውልድ ከትውልድ መራባት ቻሉ። ስለ ማደሪያ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ደጋ አይደሉም። ይህን ያልለየ ሰው ለደጋ እስስት የቆላ ምክር ይሰጣል፤ በመጻሕፍት የሚነበበው ሙቀትም ለእሷ ይበዛባታል።

ሽቦ ወይስ መስታወት

በአሁኑ ጊዜ አብዛኞቹ ጠባቂዎች የሚስማሙበት ነገር አለ። ማደሪያው ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ መብለጥ አለበት፤ እስስት ደህንነት የሚሰማት ከፍ ብላ ስትቀመጥ ነው። ለትላልቆቹ ዝርያዎች 60 በ60 ሴንቲ ሜትር መሬት ይዞ 120 ሴንቲ ሜትር የሚቆም ሳጥን እንደ መነሻ ይጠቀሳል። ውስጡ ባዶ ሳይሆን በቅጠልና እግሯ በሚጨብጠው ልክ በቀጫጭን ቅርንጫፍ የተሞላ ይሆናል። አንድ ሳጥን ለአንዲት እስስት ነው፤ ሁለት አብረው ቢቀመጡ አንዷ ሌላዋን በማየት ብቻ ምግብ ልታቆም ትችላለች።

የማይስማሙት በግድግዳው ላይ ነው። የሽቦ ወገኖች፣ በአሜሪካ በብዛት ያሉት፣ አየር ካልተንሸራሸረ እስስት አትኖርም ይላሉ። የመስታወት ወገኖች፣ በተለይ በአውሮፓ፣ በክረምት በማሞቂያ በደረቀ ክፍል ውስጥ ሽቦ እርጥበቱን ሁሉ ያስወጣል፤ ከታችና ከላይ አየር ማስገቢያ ያለው መስታወት ይሻላል ይላሉ። ማስረጃው ሲመዘን ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው፤ ክርክሩ በግድግዳ ሳይሆን ከግድግዳው ውጭ ባለው አየር ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ አየሯ ቀዝቀዝ ያለ፣ ዝናቧም በበልግና በክረምት የሚመላለስ ነው። እዚህ እርጥበት ለመጠበቅ መስታወት አያስፈልግም፤ ጉዳቱ ግን ግልጽ ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ ያረፈበት የመስታወት ሳጥን በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ይሆናል። በዚህ ከተማ በአናጺ የሚሠራ ሳጥን ቢታሰብ፣ በባሕር ዛፍ ጣውላ የተሠራ፣ በአራቱም ጎን ሽቦ ወንፊት የተወጠረበት፣ ከጣሪያው ግማሹ በሣር ወይም በሰሌን የተሸፈነ መሆን አለበት። የወንፊቱ ቀዳዳ ጥፍሯን የሚይዝ እንዳይሆን፣ የተቆረጠው የሽቦ ጫፍም ወደ ውስጥ እንዳይወጣ ማየት ያስፈልጋል፤ ጥፍር የተነቀለባት እስስት መውጣት ያቅታታል።

ፀሐይ፦ ሕፃን የሚሞቅበት ምክንያት

ሕፃን ጠዋት ፀሐይ ይሙቅ የሚለውን ምክር በጤና ጣቢያ ያልሰማች እናት ጥቂት ናት። ፀሐይ ያላገኘ ሕፃን ሪኬትስ ይይዘዋል፤ እግሩ ይጎብጣል። በሳጥን ውስጥ ያለች እስስት የሚደርስባትም በመሠረቱ ያው ነው። ቆዳዋ ላይ የሚያርፈው አልትራቫዮሌት ቢ የተባለ ጨረር ቫይታሚን ዲ እንድትሠራ ያደርጋል፤ ቫይታሚን ዲ ከሌለ ካልሲየም ከአንጀቷ ወደ ደሟ አይገባም። መጀመሪያ መንጋጋዋ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎ ክንዶቿ ይጎብጣሉ፤ በመጨረሻ ቅርንጫፍ መጨበጥ ያቅታትና ትወድቃለች። ፀሐይ በተራ መስታወት በኩል ብትገባም አይበቃም፤ መስታወቱ ሙቀቱን አሳልፎ ጨረሩን ያስቀራል።

ምን ያህል ፀሐይ ይበቃል? ካርስተን፣ ፈርግሰን፣ ቼንና ሆሊክ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ እዚህ ላይ ብርሃን ሰጥቷል። ከምግባቸው ትንሽ ቫይታሚን ዲ ያገኙ ፓንተር እስስቶች ወደ ጨረሩ አብዝተው ወጡ፤ በምግብ የጠገቡት ደግሞ ሸሹት። እስስት የሚጎድላትን ታውቃለች ማለት ነው፤ ከጠባቂው የሚጠበቀው እሷ የምትመርጥበትን ቦታ መተው ነው። ሆሳዕና ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሰባት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ፣ ያውም በከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ የእኩለ ቀኑ ጨረር በሰሜን አገሮች ለእስስት በመብራት ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ምክሩ ይገለበጣል። ለንደን ላይ የእስስት ሳጥን ፀሐይ ይለምናል፤ ሆሳዕና ላይ ጥላ ይለምናል።

ይህ ሁሉ በአንድ ማለዳ አጥር ላይ ሊታይ ይችላል። ሌሊቱን በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነጣ ብላ ያደረችው እስስት ብርሃን ሲመታት ጎኗን ወደ ፀሐይ ትመልሳለች፤ ሰውነቷን እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ታደርጋለች፤ ያ ፀሐይ ያረፈበት ጎን ብቻ ወደ ጥቁርነት ይጠጋል፤ ሌላው ጎን እንደነጣ ይቆያል። ስትሞቅ ጥቁረቱ ይለቃታል፣ አረንጓዴዋ ይመለሳል፣ ዞር ብላ ወደ ቅጠሉ ሥር ትገባለች። ቀለም መቀየሯ ያለችበትን ነገር ለመምሰል ብቻ ነው የሚለው የቆየ እምነት ልክ አለመሆኑም እዚሁ ይታያል። ሙቀት፣ ንዴት፣ ፍርሃትና ጥል ቀለሟን ይለውጣሉ። የጄኔቫ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ዋናው ለውጥ የሚመጣው በቆዳዋ ሕዋሳት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ ነው። ለጠባቂ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ የጠቆረች እስስት ወይ በርዷታል፣ ወይ ተጨንቃለች፣ ወይ ታማለች፤ ሳጥኑ መለወጥ አለበት።

ብርዱስ? አንደርሰንና ዴባን በ2010 እ.ኤ.አ. በየመኗ እስስት ላይ እንዳረጋገጡት፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የምላስ መወርወር አቅም የሚቀንሰው ከ10 እስከ 19 በመቶ ብቻ ነው፤ ምላስን መልሶ መሰብሰብ ግን ከ40 በመቶ በላይ ይደክማል። መወርወሩ እንደ ወንጭፍ በተለጠጠ ጅማት ኃይል፣ መሰብሰቡ ግን በጡንቻ ስለሆነ ነው። ሌሎች እንሽላሊቶች ፀሐይ እስኪሞቃቸው በሚጠብቁበት ሰዓት እስስት ዝንብ መያዝ ትችላለች። ቀዝቃዛ ሌሊትም ለደጋዋ እስስት ጉዳት ሳይሆን ዕረፍት ነው። አብዛኞቹ የደጋ ዝርያ ጠባቂዎች የማሞቂያው ቦታ ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ እንዳያልፍ፣ ሌሊቱንም ያለ ማሞቂያ እንዲያድር ይመክራሉ።

ውሃ፦ ያልተቋጨው ክርክር

እስስት የምትጠጣው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። እስካለፉት አሥርተ ዓመታት ድረስ የተለመደው ምክር ቀን ቀን ውሃ ደጋግሞ መርጨት ነበር። ከ2021ዱ ግኝት ባለቤቶች አንዱ የሆነው ቼካዊው ፔትር ኔቻስና ሌሎች ልምድ ያላቸው ጠባቂዎች ይህን ተቃወሙ። በተፈጥሮ እርጥበቱ የሚበረታው ሌሊት ነው፤ እስስት በምትተነፍሰው ጉምና ንጋት ላይ በምትልሰው ጤዛ ትረካለች፤ ስለዚህ ሌሊት ጉም፣ ቀን ደረቅ አየር ይሁን አሉ። የቀድሞውን ልማድ የሚከላከሉት ደግሞ ሌሊት ካልቀዘቀዘ ጉሙ ሳንባ ያሳምማል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሌሊት እርጥበት ከቅዝቃዜ ጋር ነው የሚሠራው። ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ በብዙ እስስቶች ላይ ለዓመታት የለካ ጥናት ባለመታየቱ ክርክሩ በልምድ ላይ ቆሟል። የደጋው አየር ምስክርነት ግን ወደ ኔቻስ ወገን ያደላል። ኮባ ላይ የሚያድረው ጤዛ ጠዋት በቅጠሉ አጥንት ላይ ተንከባሎ ወደ ብብቱ ሲወርድ ያየ ሰው እስስት ውሃዋን ከየት እንደምታገኝ አይጠይቅም።

ከውሃው ሌላ ምግቡም አለ፤ ሲያንስም ሲመረዝም ይጎዳል። ፌንጣ፣ ዝንብ፣ የእሳት እራት እየተፈራረቁ መቅረብ አለባቸው፤ በአንድ ዓይነት ነፍሳት ብቻ የምትኖር እስስት ካልሲየም ያንሳታል። የውጭ ጠባቂዎች ለዚህ ነፍሳቱ ላይ የካልሲየም ዱቄት ይነሰንሳሉ። እዚህ የሚያሰጋው ሌላ ነው። አሜሪካዊው ተምች በ2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን ከታየ ወዲህ በደቡብና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በቆሎ ላይ ፀረ ተባይ መርጨት በዝቷል። ከተረጨ ማሳ የተያዘ ፌንጣ መርዙን ይዞ ወደ እስስት አፍ ይገባል።

መያዝ ይፈቀዳል?

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን፣ ማዘዋወርንና መነገድን ያስቀጣል። እስስት ትንሽ ስለሆነች ከአዋጁ አትወጣም። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳይቲስ አባል ናት። ስለዚህ ከአጥር ላይ እስስት አንስቶ ሳጥን ውስጥ ማስገባት፣ ሳጥኑ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል።

በዚህ ላይ ሁለት አቋሞች አሉ። አንደኛው፣ ሰው የሚወደው የሚያውቀውን ነው፤ ልጆች በቅርብ ያዩትን እንስሳ በድንጋይ አይመቱም፤ ስለዚህ በሥርዓት የተያዘች አንዲት እስስት የብዙዎቹን ሕይወት ታተርፋለች ይላል። ሁለተኛው፣ እስስት እንደ ውሻ ሰው አትለምድም፤ መነካት ያስጨንቃታል፤ ጭንቀቷም ዕድሜዋን ያሳጥራል፤ ስለዚህ ለሰው ደስታ መታሰር የለባትም ይላል። ሁለተኛው በማስረጃ የበረታ ነው። የመጀመሪያው ግን ቦታ የለውም ማለት አይደለም። እንደ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት በፈቃድ፣ ለጥናትና ለትምህርት፣ ለውሱን ጊዜ የሚያዝ እንስሳ ሌላ ነገር ነው። በመኪና የተጎዳች ወይም ድመት የነከሰቻት እስስትም እስክታገግም ማረፊያ ያስፈልጋታል። ከላይ የተዘረዘረው የሽቦ፣ የጥላና የውሃ ዕውቀት እዚህ አገር ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው።

ግድግዳ የሌለው ቤት

የሀዋይ ታሪክ ይህን ክርክር ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። በ1972 እ.ኤ.አ. ለአንድ የቤት እንስሳት ነጋዴ ከኬንያ የተላኩ ባለ ሦስት ቀንድ የጃክሰን እስስቶች ኦዋሁ ደሴት ሲደርሱ ከስተውና ውሃ ጠምቷቸው ነበር። እንዲያገግሙ ግቢ ውስጥ ተለቀቁ። አገገሙ፣ ወጡ፣ ተዋለዱ፣ ደሴቶቹንም ሞሉ። ዛሬ የሀዋይን ብርቅ ቀንድ አውጣዎች እየበሉ ጉዳት ያደርሳሉ። ከዚህ ሁለት ነገር ይወሰዳል። ከሌላ አገር የመጣችን እስስት መልቀቅ አደጋ ነው። ለደጋ እስስት ደግሞ ዛፍና ጤዛ ያለበት ጓሮ ከየትኛውም ሳጥን ይበልጣል።

ይህን ካስተዋልን፣ የሀዲያና የከምባታ ጓሮ ሲታይ አንድ ትልቅ ማደሪያ ነው። እንሰቱ ከላይ ጥላ ይሰጣል፤ ኮባው ውሃ ያቁራል፤ ከሥሩ ቡናና ግራዋ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያቀርባሉ፤ በግቢው ያለ ከብት ዝንብ ያመጣል፤ ሕያው አጥሩ ከጓሮ ወደ ጓሮ መንገድ ይሆናል። ጠባቂዎች በ60 በ60 ሳጥን ውስጥ ሊያጭቁት የሚሞክሩት ሁሉ እዚህ በየፊናው አለ። ችግሩ ይህ ቤት እየፈረሰ መሆኑ ነው። ሆሳዕና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎች አንዷ ናት፤ በእንዲህ ያለ ከተማ ግንባታ ሲበዛ ጓሮ ይጠባል፣ የቁጥቋጦ አጥር በቆርቆሮና በብሎኬት ይተካል። እስስት ቆርቆሮ ላይ መሄድ አትችልም፤ ጣቶቿ ሁለትና ሦስት ሆነው የተጣበቁት ቅርንጫፍ ለመጨበጥ ነው። መሬት ወርዳ ስትሻገር ደግሞ ለመኪና፣ ለድመትና ለልጆች ድንጋይ ትጋለጣለች። አንድ አጥር ምን ያህል እስስት ይይዛል፣ በሁለት ጓሮዎች መካከል የተቆረጠ አጥርስ ምን ያስከትላል የሚሉት መልስ የሚሹ ጥያቄዎች ናቸው። ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሌሊት በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነጥታ የምትተኛ እስስት በባትሪ ብርሃን ከሩቅ ትለያለች፤ ተመራማሪዎችም የሚፈልጓት እንዲሁ ነው፤ ለአንድ የባዮሎጂ ተማሪ ለመመረቂያ የሚበቃ ጥናት በየአጥሩ አለ።

አጥርዎን አፍርሰው በብሎኬት ሊያሳጥሩ ያሰቡ ካሉ፣ ከመቁረጥዎ በፊት ባለው ምሽት ባትሪ ይዘው አንድ ጊዜ ይዙሩት። እስስት ካገኙበት ቅርንጫፉን ከነእሷ ቆርጠው ወደሚቀረው ቁጥቋጦ ያሻግሯት። መርዝ የላትም። ከተቻለም በጓሮው በኩል ያለውን አጥር እንዳለ ይተዉላት።